አንቱታ የሌለበት ገበታ

ውድ ባለቤቴ፣ የቤቴ ጌጥ አስካልዬ፣

አንቺ ከተለየሽን ወዲህ አንድ ክረምት አልፎ፣ የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እየያዘ መስኮቶቻችንን ደጋግሞ ጎብኝቶ፣ በደጃችን የተከልሻት ፓፓያም ፍሬዋን አብስላ ለወፍና ለጎረቤት ካከፋፈለች በኋላ፣ እነሆ ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ብዕሬን አንስቻለሁ። በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ የሚያጻጽፍ ርቀት በመካከላችን ኖሮ አያውቅም፤ መልካሳ የምርምር ማዕከል ላይብረሪ ውላ ማታ ለምትመለስ ሚስት ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ዛሬ ግን የምነግርሽ ጉዳይ አለኝ፤ ጉዳዩም የመጻሕፍት መደርደሪያሽ ዕጣ ፈንታ ነውና በወጉ ልጽፍልሽ ይገባኛል።

ቤቱ ደኅና ነው። ያፈስ የነበረው የሳሎኑ ጥግ ተጠግኗል። ልጃችን ሕይወት ከአዲስ አበባ በየማለዳው እየደወለች የግፊት ኪኒኔን መዋጤን ታረጋግጣለች፤ እኔም ሳልውጥ ውጫለሁ የምልበት ቀን የለም፣ ድምፄን ሰምታ ታውቃለችና። ያልተለወጠው መደርደሪያሽ ብቻ ነበር። በነጠላሽ ሸፍኜው፣ ማንም እንዳይነካው አዝዤ፣ ሳልፍ ሳገድም ሰላምታ እየሰጠሁት ኖርኩ።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ሊያነበው ይችላልና፣ በዚያ መደርደሪያ ላይ ያለው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። መልካሳ ለምርምር መጥታ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ለአንቺ የተወችልሽ፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችና ከመንገደኛ ዘመድ ሻንጣ እያሰባሰብሽ ያበዛሽው፣ የጨዋታ መጻሕፍት ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪ ሆኖ አገሩን፣ ተራራውን፣ ባለጋራውን ይዘረጋል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ‹እኔ እንዲህ አደርጋለሁ› ይላሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ደግሞ ዳይስ የሚሉት ብዙ ገጽ ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ተወርውሮ ይፈርዳል። ወጣቶቹ ‹ጌም› ይሉታል። እኔ ‹የወግ ገበታ› ብዬ ሰየምኩት፤ አንቺ ግን ‹ቅዳሜ› ትዪው ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበርና።

ጎረቤቶቻችን ዳይስ ሲወረወር በመስኮት አይተው ‹መምህር፣ ይሄ ነገር ጥንቆላ አይደለም ወይ?› ብለው የጠየቁኝን ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ የመለስኩላቸውን ዛሬም አልለውጠውም፦ ጠንቋይ ነገ የሚሆነውን አውቃለሁ ይልሻል፤ ይህ ገበታ ግን አንቺ ምን ታደርጊ እንደ ነበር ብቻ ይጠይቅሻል፣ መልሱንም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለአዋቂ ሰው አይሆንም የሚሉትንም አልሰማቸውም። ሕፃን ሌላ ሰው መሆንን ማንም ሳያስተምረው ይጫወታል፤ የሚቸግረው ሽበት ላለው ነው፣ ሽበት ያለው ሰው ከራሱ ክብር ጋር ተጣብቆ ይኖራልና።

ስለ ጨዋታው አማማር ደግሞ አንቺ ትክክል ነበርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ያንን እንደ ጡብ የወፈረ የሕግ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካላነበብኩ ከገበታው አልቀርብም ብዬ መነጽሬን ባጠለቅሁ ጊዜ፣ ከእጄ ቀስ አድርገሽ ወሰድሽና ‹ልጅ አፉን የሚፈታው ሰዋስው አንብቦ ነው እንዴ? ይቀመጡና ይናገሩ፤ ሲሳሳቱ እናርምዎታለን› አልሽኝ። ተቀመጥኩ። ያልለመድኩትን ሰው እንድሆን ብለሽ ሌባ አደረግሽኝ፣ የገበያ ሌባ። መጽሐፉን እስከ ዛሬ ጨርሼ አላነበብኩትም፤ ጨዋታውን ግን አውቀዋለሁ።

አንቺ በትዳራችን ዘመን ሁሉ እኔን ‹እርስዎ› ስትዪ የኖርሽ ሴት ነሽ። የሸዋ አስተዳደግሽ ነው፤ ባል በዕድሜ ከበለጠ፣ ያውም መምህር ከሆነ፣ አንቱ ይባላል። ገና በሙሽርነታችን ‹አንተ በይኝ እንጂ› ብዬ ለምኜሽ ‹አፌ እሺ አይለኝም› ብለሽ ሳቅሽ፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁሽም። በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን የሆነው ሆነ።

ሌባው በከተማዋ በር ላይ ተያዘ። የዘበኞቹ አለቃ የሆነው ፋርማሲስቱ ቶሌራ ነበር፤ ወደ ቤታችን ሲገባ ‹አካም ጅርቱ ጋሼ› ብሎ ከወገቡ ጎንበስ ሳይል የማይቀመጠው ቶሌራ። ጦሩን ወድሮ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣ ‹ይቅርታ ጋሼ፣ ሰርቀዋል መሰለኝ፤ እባክዎ እጅዎን ይስጡኝ› አለኝ። ከመቂ ሽንኩርት እያስጫነ የሚኖረው ደላላው ሽመልስ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ‹ኧረ ቶሌ! ሻይም ጋብዛቸው እንጂ! ወህኒ ቤቱ ድረስ ባጃጅ ጥራላቸው!› አለ። ልብስ ሰፊዋ ሰዓዳ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቶሌራ ‹በአማርኛም በኦሮምኛም አፌ አይታዘዘኝም፣ ምን ላርግ!› እያለ ላብ አጠመቀው።

አንቺም የተራኪነት ሥልጣንሽን ይዘሽ ደነገግሽ፦ ‹እዚህ ገበታ ላይ አንቱታ የለም። ሌባ ሌባ ነው።› እንዴት እንደሚባል ልታሳዪው ወደ እኔ ዞር አልሽና፣ በገበያ ዳኛ ድምፅ፣ ዐይኔን እያየሽ፣ ‹አንተ ሌባ! ና ወደዚህ!› አልሽኝ።

አስካልዬ፣ ሰዓዳ እኔ እንድቆጣ ጠበቀች። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት ቃል በስተርጅና ሌባ ሆኜ ደጄ ድረስ ስለ መጣልኝ፣ ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን የማልለቀው ለዚህ ነበር። ከሳምንቱ በቀረው ጊዜ ‹ምሳዎን ይብሉ፣ ጋቢዎን ይደርቡ› የምትለኝ ሴት፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ ብቻ ‹አንተ› ትለኝ ነበር።

መጨረሻ በተጫወትንባት ቅዳሜ ተጓዦቹን ከሐይቅ ዳር አድርሰሽ ነበር። ቆቃ ሄደን ዓሣ አጥማጆቹን እያየን የዋልንበትን ቀን ውኃ ነው የገለጽሽው፤ አውቄዋለሁ። ታንኳ የምትቀዝፍ ባልቴት አመጣሽ፤ ድምፅዋ ያንቺው፣ ትንሽ ሻከር ያለ። ‹ከያዛችሁት አንዳንድ ነገር በዳር ትታችሁ ግቡ› አለች። የምንተወውን ለመጪው ቅዳሜ እናስብበት ብለን ተነሣን። ለመጪው ቅዳሜ ሆስፒታል ነበርሽ።

ልጃችን ሕይወት፣ መጻሕፍቱን አቧራ ይጨርሳቸዋል ብላ አዝና፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ ላከችልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ መጻሕፍቱን በጣቱ ጫፍ እየገለጠ፣ የትኛው የመጀመሪያ እትም እንደ ሆነ እየነገረኝ ዋለ። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልሎ በመስታወት ቁም ሳጥን ሊያኖራቸው ነው። ከአንዱ ገጽ ላይ የሰዓዳን ሳምቡሳ ዘይት አየና ‹ይቺ ነጠብጣብ ባትኖር ንጹሕ ነበር› አለኝ። በጨዋታው አንድ ድልድይ ላይ ስንዋጋ የፈሰሰ ዘይት ነው፤ ሰዓዳ በደስታ ስትዘል። ‹ልጄ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚነበበው እርሱ ነው› ብዬ በክብር ሸኘሁት። መሰብሰብን አልነቅፍም፤ አንቺም ሰብስበሻል። ነገር ግን እጅ ያልነካው የጨዋታ መጽሐፍ፣ እንግዳ ገብቶበት የማያውቅ ሳሎን ነው።

እርሱን ሸኝቼ ስመለስ ነጠላ የለበሰውን መደርደሪያ አየሁት። የእርሱ መስታወትና የእኔ ነጠላ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ነጠላውን አነሣሁ፣ አጣጥፌ ከልብሶችሽ መካከል አኖርኩት፣ ለቶሌራም ደወልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። ወንበርሽ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥም ብዬ ሳይሆን፣ ያቺን ባልቴት ከእኔ በቀር ድምፅዋን የሚያውቅላት ስለሌለ። ዳይሶችሽን ከከረሜላው ቆርቆሮ አፈሰስኩ። የሌባው ማንነትና ንብረት የተጻፈበትን ወረቀት ባዶ በቀረው በቀድሞ ቦታዬ አኖርኩት። ከዚያም ባልቴቷ እያንዳንዱን ጠራች፤ የዘበኞቹ አለቃ ቶሌራ ጦሩን ተወ፤ በጨዋታው ወጌሻ የሆነችው ሰዓዳ ‹ሰው ቢሰበር በምን ልጠግነው ነው?› ብላ ብዙ ከተከራከረች በኋላ ከረጢቷን አኖረች፤ ውሸትን እርም ያለ መናኝ የሆነው ሽመልስ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዋሽቼ ቅዳሜ ልረፍ እንጂ የሚለው ሽመልስ፣ መቋሚያውን እያጉረመረመ ጣለ። ሰዓዳ ወረቀቱን እያየች ‹ሌባውስ?› አለች።

ሌባው የራሱ የሆነ ነገር አልነበረውም፤ የያዘው ሁሉ የሰረቀው ነው። ባልቴቷ ልትጠራው ይገባ ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ድምፁንም እችለዋለሁ፤ ‹አን› ብዬ ጀመርኩና ቃሉን ሳልጨርስ ተውኩት። ዳይሶቹን አየሁ።

ያን ጊዜ ቶሌራ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አፉ የማይታዘዘው ቶሌራ፣ ከታንኳው ላይ ሆኖ ጮኸ፦ ‹አንተ ሌባ! ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ፣ ትተንህ ልንሄድ ነው!›

ሌባው ገባ። በዳር የተወው አንቱታውን ነው፤ ሌላ የራሱ የሆነ ምንም አልነበረውም። ከዚያም የወዲያኛውን ዳርቻ እኔ ራሴ ዘረጋሁላቸው፣ ሸምበቆውንም፣ ጭሱንም፣ ቆሞ የሚጠብቃቸውንም ሰው።

ስለዚህ መደርደሪያሽ የትም አይሄድም፤ ክፍት ሆኖ፣ እጅ እየነካው፣ ዘይት ጠብ እያለበት ይኖራል። ሙት ዓመትሽ ዓርብ ይውላል፤ ተዝካርሽን በወጉ አውጥተን፣ በማግስቱ እንቀመጣለን። ቅዳሜ በዚህ ቤት እስካለ ድረስ አንቺን የምረሳበት ቀን አይኖርም፤ ባልቴቷም ታንኳዋን ባሰረችበት ሁሉ በአንቺ ድምፅ ትናገራለች።

ሌባሽ