የአሥር ሰዓት ውሃ

ሳንሱሲ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ ባለቤቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ወንበርህ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ጠያቂ ባይኖረኝም ደህና ነኝ። በብየዳው እጄ እዚህም እዚያም ከመለብለቡ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ፋሲካንም ዶሮአችንን ሠርተን በደስታ ዋልን። “ዋልን” ያልኩት ከማን ጋር እንደሆነ ዝቅ ስትል ታገኘዋለህ፤ አትቸኩል። አንተ መቸኮል ትወዳለህ።

ደብዳቤህን ዘበኛህ ቡልቻ የብረታ ብረት ማኅበራችን ግቢ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። የቀበሌ ዘበኛ ጠብመንጃውን አንግቶ ሲገባ የማን ፊት ይፈካል? አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ መዶሻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እኔ ግን ፖስታውን ስከፍት ሳቄ መጣ። በታይፕ ተመትቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ “ጉዳዩ፦ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጥገናን ይመለከታል” ይላል። “ጓድ” ብለኸኛል። አምስት ዓመት አንድ ትራስ ተንተርሰን፣ ጓድ! ከታች ደግሞ በዚያ ወደ ግራ በሚጋደል የእጅ ጽሕፈትህ “እማዬ ያለችበትን ታውቂ እንደሆነ” ብለህ ጀምረህ ሳትጨርሰው ትተኸዋል። ለሁለቱም መልስ አለኝ። መጀመሪያ የማሞቂያውን።

ያንተ የማሞቂያ ታሪክ ሳሎንህ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የምስክር ወረቀት ነው የሚጀምረው፤ “ለፈጠራ ሥራ” ከሚለው። የኔው የሚጀምረው ከስልሳ ዘጠኝ ጥቅምት ነው። ከቤቱ ጋር ያገኘነው የኤሌክትሪክ ቦይለር ተቃጠለ፣ መለዋወጫም የለም ተባልን። እናትህ እማማ ደግሞ ቁርጥማታቸው ያለ ሙቅ ውሃ አይለቃቸውም ነበር። ጋዝ በሰልፍ ነው፤ ሰልፉ ሲደርስህ ጋዙ ያልቃል። እንጨት ተሸክመው በአስኮ በኩል የሚመጡት ሴቶችም ከስተዋል፣ እንጨቱም ከስቷል። ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ አንተም ሸሚዜ ጭስ ጭስ ይላል እያልክ ታኮርፋለህ።

ያኔ ነው እኔና ታናሽ ወንድሜ አምሐ ምናለሽ ተራ ወርደን ባዶ በርሜል ያመጣነው። አባቴ መሸሻ ቆርቆሮ ሠሪ እንደነበረ ለጓደኞችህ መናገር ታፍር ነበር፤ ቤትህ ሙቅ ውሃ የገባው ግን እሱ ባስተማረን እጅ ነው። በርሜሉን አጥበን ጥቁር ቀለም ቀባነው። የጣውላ ሳጥን ውስጥ አጋድመን ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቀጠቅንበት፣ የአሮጌ መስኮት መስታወት ከደንበትና ጣሪያው ላይ አወጣነው። ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እማማ እንዴት ነው ነገሩ ብለው ቢጠይቁት አምሐ “ሙቅ ውሃ እንደ ሹም ነው እማማ፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ ወደ ላይ ነው የሚለው” አላቸው። አንተን እያየ ነው ያለው። አንተም ስቀህ ነበር።

ትዝ ይልሃል? እማማ ፀሐይ የመታው ውሃ ምች ያመጣብኛል ብለው አልጠጋም አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ባኞው ውስጥ ዳማከሴ እየጨመቁ ነው የታጠቡት። በአራተኛው ቀን ጣታቸው ሲታጠፍላቸው ዳማከሴውን ረሱት፣ እኔንም ከዚያ በኋላ “ልጄ” እንጂ “ምራቴ” ብለውኝ አያውቁም። ውሃው በጣም የሚሞቀው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ቤታችን ሰዓቱን የሚቆጥረው በሱ ሆነ።

ቀጥሎ ያለውን ልትዘለው ትችላለህ። አትዘለውም ግን፤ አውቅሃለሁ።

ሰባ መጋቢት ላይ አምሐ ሲፈለግ እኛ ጋ መጣ። ሦስት ሳምንት ኮርኒሱ ውስጥ፣ ራሱ ቀለም የቀባው በርሜል ሥር ተኛ። መኖሩን የምናውቀው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አንተና እማማ። ቀኑን ሙሉ አይወርድም። አሥር ሰዓት ላይ ብቻ ውሃው ሲሞቅ ሩብ ሰዓት ለምታህል ጊዜ ይወርድና ይታጠባል፣ ከእማማ ጋር ሁለት ቃል ይቀልዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሰዎቹ መጡ። አሥር ሰዓት ነበር። ኮርኒሱን ቀና ብለው አላዩትም። አልጋ ሥር አልፈተሹም። የት አለ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። በቀጥታ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፍተው ገቡ። ሳሙናው ከራሱ ላይ ሳይለቅ፣ ሱሪውን ብቻ አስለብሰው ወሰዱት፤ እንደወጣ ቀረ። ውሃውን የሚዘጋ ሰው ስላልነበረ በርሜሉ እስኪያልቅ ፈሰሰ። አንተ የዚያን ቀን ሥራ ይበዛብኛል ብለህ ነበር የወጣኸው።

በአራተኛው ቀን ቀበሌ አዳራሽ ቆመህ፣ ሰውዬው የዚያኑ ዕለት በእንግድነት የመጣ መሆኑን፣ አንተ ምንም እንደማታውቅ፣ ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ጋርም ያለህን ማንኛውንም ዝምድና ከዛሬ ጀምሮ መበጠስህን ተናገርክ። ተጨበጨበልህ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማታውን ሻንጣዬ ደጅ ወጥቶ ቆየኝ። በዚያ ሁሉ መሐል የእማማ ክፍል በር አልተከፈተም። እኔ ያን ጊዜ ካንተ ይልቅ በሳቸው ነበር ያዘንኩት።

ስድስት ዓመት ጠላሁህ። እንዲህ በግልጽ ስጽፈው ደስ ይለኛል። ላሜራ ስቀጠቅጥ አንተን ነው የምቀጠቅጠው፤ ለዚህ ይሆናል በማኅበራችን እንደኔ ላሜራ የሚያቀና የለም የሚሉት።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር ሥራ አደላዳያችን ከኮልፌ ትእዛዝ መጥቷል፣ የአንድ ሊቀመንበር ቤት በርሜል ተበስቷልና አዲስ ግጠሚ ሲለኝ እግዜር እጄ ላይ ጣለህ አልኩ። ቱታዬን ለብሼ መጣሁ። በራፍ ላይ ቆመህ፣ ካኪህን ለብሰህ፣ “ጓድ፣ ጣሪያው በዚህ በኩል ነው” አልከኝ። የገዛ ቤቴን ጣሪያ አሳየኸኝ! መሰላሉ ላይ ወጣሁና ቀዝቃዛው ከላይ እንዲገባ፣ መውጫው ከታች እንዲሆን አድርጌ ሁለቱን ቧንቧ አቀያይሬ ገጠምኳቸው። ከላይ የሞቀውን አዲሱ ቀዝቃዛ ይረብሸዋል፣ አንተ ጋ የሚደርሰው ሁሌም ከሥር ያለው በራድ ነው። ፀሐይ እንደ እሳት ቢወርድም አይጠቅምህም። ወርጄ ፈረምኩ፣ ሄድኩ።

ታኅሣሥ ላይ ፈጠራህን ልታሳይ እንግዶች መጋበዝህን ጎረቤትህ ራህማ ነገረችኝ። አጥር ሥር ቆማ አይታለች። ትልቁ እንግዳ እጁን ከቧንቧው ሥር አድርጎ እባብ እንደነደፈው ሰው መንጥቆ ሲመልሰው፣ አንተ “ዛሬ ደመናው ትንሽ አስቸግሮናል” አልክ አሉ። ሰማዩ ላይ አንድ ጥጥ የምታህል ደመና አልነበረችም። ራህማና እኔ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ስድስት ዓመት እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

በመጋቢት ራህማ እንደገና መጣች። አልሳቀችም። አንተ በየቅዳሜው ፍልውሃ እንደምትሄድ፣ በቤትህ መታጠቢያ አሥር ሰዓት ላይ በየቀኑ የሚገቡት እማማ ብቻ እንደሆኑ፣ ጣቶቻቸው ኩርምት ብለው ማንኪያ መያዝ እንዳቃታቸው ነገረችኝ። ክው አልኩ። አራት ወር ሙሉ የቀጣሁት አንተን አልነበረም።

እሑድ አንተ ውይይት ክበብ በሄድክበት ሰዓት የቧንቧ መፍቻዬን ይዤ መጣሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቧንቧውን ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት አልኳቸው። እማማ ምንም አልደነቃቸውም። የገጠምሽው ዕለት ነው ያወቅኩት አሉኝ፤ ትኩሱ ከላይ እንደሚወጣ አምሐ ነግሮኝ የለ፣ ከግቢው ቀና ብዬ አየሁት አሉ። ታዲያ ለምን ለልጅዎ አልነገሩትም፣ ለምንስ በዚያ በረዶ ይታጠባሉ ብላቸው፣ ሻንጣሽ ሲወጣ በሬን ዘግቼ ተቀምጬ የለም ወይ አሉኝ። ንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥተውኝ ነበር፣ ጉልበቴ አልችል አለ፣ ስለዚህ ይሄን ስግደቴ አደረግኩት አሉ። ያንን ኩርምት ያለ እጃቸውን ጉንጬ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ቧንቧውን ልፈታ ስነሣ ያዙኝ። ተዪው እንዳለ ይሁን፣ እኔን ግን ይዘሽኝ ሂጂ አሉ። ለቡልቻ ልጄን ጠበል ገብታለች በለው ብለው፣ አንዲት ፌስታል ልብስ አንጠልጥለው ከግቢህ ወጡ። ቡልቻ ደግሞ ፌስታሉን ፌርማታ ድረስ ተሸክሞላቸዋል። አትቆጣው፤ ካንተ ይልቅ ልጅ ሆኖላቸዋል።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው። እናትህ እኔ ጋ ናቸው። የኔ በርሜል በትክክል የተገጠመ ነው፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እግራቸውንም ጀርባቸውንም አጥባቸዋለሁ። ትናንት አውራ ጣታቸው ታጠፈላቸው።

ያኔ ነው፣ ጀርባቸውን እያጠብኩ፣ ስድስት ዓመት ያልጠየቁኝን የጠየቁኝ። የዚያን ቀን ሰዎቹ ኮርኒሱን ለምን አላዩም አሉኝ። ሰዓቱን እንዴት አወቁት አሉኝ። እኔም የምናውቀው ሦስት ብቻ ነበርን አልኳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ በዚያ መታጠፍ በጀመረ እጃቸው፣ ውሃውን ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ ጻፊለት አሉኝ፤ ያለሁበትን ይወቅ፣ አይምጣ።

ይህን ደብዳቤ ለበላይ ልታሳየው ታስብ ይሆናል። አሳየው። የአንድ ዕለት እንግዳ ነው ያልከው ሰው ሦስት ሳምንት ኮርኒስህ ውስጥ እንደነበረ አብረህ ታስረዳለህ።

ጥገናውንም አልረሳሁትም። ሁለቱን ቧንቧ ቦታቸውን ማቀያየር ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ሠርተው ሲጨርሱ ቤቱ ውስጥ አንተ ብቻ ትኖራለህ፣ ውሃውም አሥር ሰዓት ላይ ይሞቃል። ግባና ታጠብ።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ከልቤ ነው የምመኝልህ። አሥር ሰዓት በየቀኑ የሚመጣ ነገር ነውና ብዙ አሥር ሰዓቶችን ያሳይህ።

የእናትህ ልጅ