በመዳቡ መስመር ሳይወጣ የቀረ ቃል

ለውድ እህቴ ለማህሌት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? የፐርዝ ብርድ አለፈላችሁ ወይ? ባልሽስ ቴዎ እንዴት ሰነበተ? ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆሙ ወገብሽን አላባሰብሽም? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም አለን። አባባ ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ ቢያማቸውም በየጠዋቱ ድልድዩን ተሻግረው እስከ ሐይቁ ዳር በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ባጃጅ ልጥራልዎት ስላቸው ይቆጡኛል።

በየሳምንቱ ፊት ለፊት እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። አዲሱ የኢንተርኔት መስመር ከገባ ወዲህ ፊትሽ በጣም ጠርቶ ይታየኛል። ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ዓይንሽን ሳየው ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ኑሮው ውድነት አዞርሁት። በመጨረሻ አባባ «በል ጻፍላት» ብለው አዘዙኝ። የቴዎ አክስት እትዬ ወለተ ሩፋኤል ወደ እናንተ ስለሚመጡ በእሳቸው እጅ ልኬዋለሁ።

ማህሌትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። የሠርግሽ ዕለት መብራት አልጠፋም ነበር።

ከሠርግሽ ሁለት ወር በፊት በሰፈራችን መንገድ ዳር ፋይበር እየተዘረጋ መሆኑን የነገርሁሽ እኔው ነኝ። አንቺም «አስናቀ፣ እባክህ ቤት አስገባው፤ አባባ በቪዲዮ እንዲመርቁኝ እፈልጋለሁ» ብለሽ ደጋግመሽ ለምነሽኛል። በዚያው ሰሞን የሺአረግ የምትባል ቴክኒሻን በራችንን አንኳኳች። ገመዱን ሳሎን ለማድረስ ግድግዳውን መብሳት ነበረባት። እኔ ደግሞ ሳሎኑን ቀለም ካስቀባሁ ሳምንት አልሞላኝም። ምክንያቴ ይኸው ነበር፤ ግን ለእሷ እንዲህ አላልኋትም። «እኔ ሃያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ ስቀጥል የኖርሁ ሰው ነኝ። መዳብ ስንቱን ሞተር ያሽከረክራል፤ ይህ ፀጉር የመሰለ መስታወት ምን ሊያመጣ ነው?» አልኋት።

ልጅቷ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ በመዳቡ የስልክ ገመድ የሚገባላችሁና የሚወጣላችሁ እኩል አይደለም» አለችኝ። ፊልም ለማየት እንደሚበቃ፣ ከዚህ ወደዚያ ምስልና ድምፅ ለመላክ ግን እንደሚጠብ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደሚብስበት አስረዳችኝ። ኳስ ሳይቆራረጥ እያየሁበት ምን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ሸኘኋት። ለአንቺም «ሞክሬዋለሁ፤ ይበቃል» አልሁሽ። አልሞከርሁም።

ሐምሌ 13 እሑድ ከማለዳው ጀምሮ ይዘንብ ነበር። አባባ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑት የሰነበቱትን ቃል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይደጋግሙ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎን ሞልቷል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ምስልሽ መጣ። አየንሽ፣ ማህሌት። ሚዜዎችሽን፣ የቴዎን ላብ፣ ቀሚስሽን ከኋላ የምታነሣልሽን ሴትዮ፣ ሁሉን አየን፤ እልል አልን።

የአባባ ተራ ሲደርስ ተነሥተው ቆሙ። ሠላሳ ዓመት በጀልባ ሞተር ላይ ሲጮሁ የኖሩ ሰው ናቸውና ድምፃቸው ቤቱን አናወጠው። አንቺም አንገትሽን አዘንብለሽ ወደ ካሜራው ተጠጋሽ። የምታዳምጪያቸው መሰላቸው። ወዲያው በእጅ ስልኬ ላይ የቴዎ መልእክት ገባ። «ምንም አንሰማም፤ ምስላችሁም ቆሟል» ይላል።

አባባ ገና መጀመራቸው ነበር። ላስቆማቸው እችል ነበር። በእጅ ስልኬ ልደውልልሽና ለጆሮሽ ላደርሳቸው እችል ነበር። ግን «ይበቃል» ያልሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈርሁ። ለቴዎ «መብራት ጠፋብን፤ አባባ ሳይናገሩ ቀሩ» ብዬ ጻፍሁለት። እሳቸው እስኪጨርሱ ጠብቄ መስመሩን ዘጋሁት። «ሰማችኝ?» ሲሉኝ «ሁሉንም ሰምታለች፤ አልቅሳለች» አልኋቸው። እግዜር ይይልኝ፣ እንዲህ ብዬ ዓይናቸውን አየሁት።

በማግስቱ አንቺ ደውለሽ «አባባ አሁንም እንደተቀየሙኝ ናቸው? ከመብራቱ መጥፋት በፊት አንድ ቃል እንኳ አይሉም ነበር?» አልሽኝ። እኔም ነገሩን አደበስብሼ አለፍሁት። እሳቸው ደግሞ መልስሽን ይጠብቁ ነበር። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ስለ ጉልበታቸው ትጠይቂያቸዋለሽ፤ እሳቸው ስለ አየሩ ይነግሩሻል። አንድ ቀን ለባለቤቴ ለፀሐይወርቅ «ማህሌት ይቅር አላለችኝም» ብለው ሲነግሯት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ያን ጊዜም አልተናገርሁም።

በመስከረም የሺአረግን ራሴ ፈልጌ አመጣኋት። ግድግዳውም ተበሳ፤ ቀለሙም ተላጠ። አሮጌውን መስመር ከመንቀሏ በፊት ለካችው፤ የሚገባው አራት ሜጋቢት ሲሆን የሚወጣው ግማሽ ሜጋቢት እንኳ አልሞላም። መጋጠሚያውን ስትከፍተው መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ውኃ ጠብ አለ። ፋይበሩ ሲለካ ግን መግቢያውም መውጫውም ሃያ ሃያ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እሱም እንከን አለበት። መብራት ሲጠፋ የኢንተርኔቱ ሳጥን አብሮ ይሞታል፤ የድሮው ስልክ ግን በጨለማም ይጠራ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መንገድ የሚቆፍር ሰው በጥሶት ሁለት ቀን አጥተነዋል። ቢሆንም ዝናብ ዘነበ ብሎ አይታመምም።

አባባ ወንበራቸውን አስጠግተው ሥራዋን ይከታተሉ ነበር። ድንገት «ልጄ፣ ታዲያ በዚያ በሐምሌ ዝናብ እኔ የተናገርሁት ባሕር ማዶ ይደርስ ነበር?» ብለው ጠየቋት። እሷ ምን ታውቃለች! «አይመስለኝም አባቴ» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ እስክትሄድ ጠበቅሁና ሁሉን ነገርኋቸው። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ በወደድሁ። «ልጄን ሁለት ወር በልቤ ከሰስኋት» አሉ። በእግራቸው ሥር ወድቄ፣ አሁን በጥሩ መስመር ደግመው ይንገሯት ብዬ ለመንኋቸው። «እኔ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ያስቀረኸው አንተ ነህ፤ አንተው አድርስ» አሉኝ።

እነሆ ቃላቸው፤ እንዳልሳሳት እያነበብሁላቸው ያረምሁት ነው።

«ልጄ ማህሌት፣ የሄድሽ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ያልመጣሁት ጀልባ ተበላሽቶብኝ አይደለም፤ ጀልባዋ ደኅና ነበረች። እናትሽን ከቀበርሁ ዓመት ሳይሞላኝ አንቺን ቆሜ መሸኘት አቃተኝ። ወደቡ ላይ ተቀምጬ አውሮፕላኑ በሐይቁ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ቁጣ መስሎሽ ስድስት ዓመት ኖርሽ። ቁጣ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በይኝ። ከባልሽ ጋር አብራችሁ አርጁ፤ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ምርኩዝ አቀብሉ። የወለድሽው ስትጠሪው አቤት ይበልሽ። ቤትሽ መንገደኛ የሚያርፍበት ይሁን።»

አሜን ያልነው እዚህ የነበርነው ብቻ ነን።

ይቅርታ እንዳልልሽ ቃሉ አነሰብኝ። ለግድግዳ ቀለም ብዬ የአባትሽን ምርቃት አስቀረሁብሽ፤ ለሰው ዓይን ብዬ ደግሞ ሁለታችሁን አቀያየምኋችሁ። ይህ ሲደርስሽ ደውዪላቸው። እኔ ከሳሎኑ እወጣለሁ። ለእኔ ያለሽን በፈለግሽ ቀን ንገሪኝ፤ ብትሰድቢኝም አልከፋም።

ፀሐይወርቅ በናፍቆት ትስምሻለች፤ ይህን ሁሉ ከሰማች ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙም አታወራም። ወንጌላዊት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ለአክስቴ ሰላም በልልኝ ብላለች። ብሩክ የላካችሁለትን ጫማ ከእግሩ አላወልቅም ብሏል። ቴዎን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ የእሱንም ሠርግ ነው ያበላሸሁት። አባባን «የእርስዎን ሰላምታ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን ተወው፤ ሰላምታዬን እኔው እነግራታለሁ» ብለውኛል።

ወንድምሽ አስናቀ
ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.