ያላለቀው የኢምባካሲ ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12 ቀን 1998

ዛሬ ኢምባካሲ ሄድኩ። ወንድሜ ዮናስ በየቅዳሜው የናይሮቢን የሰፈር ቡድኖች ሜዳ እየዞረ ሲያይ፣ ሳያየው የቀረው ይሄን ብቻ ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ከወጣህ ሜዳውን አየሁ ማለት አትችልም።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ "በሐዘን ልብስ ኳስ ሜዳ? ሰው ምን ይለናል?" አለችኝ። "ለእሱ ብዬ ነው" ብያት ወጣሁ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ሜዳውን ዝም ብዬ እዞር ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር መልበሴን ያዩ ልጆች፣ "ሬፈሪ! ጨዋታው ተጀምሯል እኮ፣ ግባ እንጂ!" እያሉ በስዋሂሊ ጮኹብኝ። አንዱ ደግሞ "ተዉት፣ ጉቦውን እየጠበቀ ነው" አለ። ሳቅኩ። ዮናስን ከቀበርን ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደነገጥኩና ያየኝ ሀበሻ እንዳለ ዙሪያውን ቃኘሁ።

ከእረፍት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሜዳው ኩሬ ሲሆን ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። ሰው ሁሉ ወደ ማታቱው፣ ወደ ሚኒባስ ታክሲው ሮጠ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በዮናስ ሕግ ይሄ አይቆጠርም።

ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤታችን ስደርስ እማዬ ፎጣ ሰጠችኝ።

"እስከ መጨረሻው አየህ?" አለችኝ።

"አላለቀም። ዝናብ አቋረጠው።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚደገመው?"

ይሄን ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሰኞ ከትምህርት ቤት በዚያው ሄጄ እጠይቃለሁ። ሰኞ ግን ሩቅ ነው።