ስለ ሆዴና ስላልፈረምኩት ወረቀት

ልጄ፣ ያለሽበት አገር ሰላም ይሁንልሽ፤ ክፉሽን አያሰማኝ። እናትሽ ደህና ናት። የሚያፈሰውን ጣሪያ ራሴ ወጥቼ ደፍኜዋለሁ።

እኔ ግን ታስሬያለሁ። ያሰረኝ ሆዴ ነው። እህል በቀመስኩ ቁጥር ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያም ያስሮጠኛል። ባለፈው ሳምንት የደንበኛ ኮት በስፒል ይዤ እየለካሁ ሰውየውን እንደቆመ ጥዬው ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንገድ ስለማልሄድ፣ ከቤትና ከስፌት ቤቱ ውጪ የምረግጠው የለም። አውቶቡስ ከተሳፈርኩ አራት ወር ሆነኝ።

ሐኪሙ ሁሉንም መርምሮ «ቁስልም እጢም የለም፤ አንጀትዎ ቁጡ ሆኖ ነው። ሐሳብ ያባብሰዋል፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው» አለኝ። እናትሽ ከት ብላ ሳቀችና «ባለቤቱን መሰለ!» አለች። አሁን የምበላውን በደብተር እየጻፍኩ የማይስማማኝን እለያለሁ፤ መጀመሪያ የተባረረው ወተት ነው።

«እውነተኛ ነው» ሲለኝ አንቺን አሰብኩ። በፈተና ጠዋት ሆድሽን ይዘሽ ስታለቅሺ «ሰበበኛ» እልሽ ነበር። መምህርሽ «ሲያማት ከክፍል እንድትወጣ ይፍቀዱ» ብሎ የላከውን ወረቀት አልፈርምም ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ እንዴት እንደቻልሽው አሁን ገና ገባኝ። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ተሳስቻለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። ዛሬም የሚያምሽ ከሆነ ውጠሽ አትቻይው፤ ጻፊልኝ። አምንሻለሁ።

አባትሽ