ለኦፓል የተተወ መጋጠሚያ

ውድ ኦፓል፣

ይህ ደብዳቤ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። አንደኛው በጣም ያለቃቅሳል፣ ሁለተኛው ይዋሻል፣ ሦስተኛው ስለ አየሩ ብቻ ያወራል። ይኸኛው ደግሞ ጉራ ይበዛበታል። ጉራዬን ሠላሳ አንድ ዓመት ችለሽዋልና አሁንም አያቅትሽም ብዬ ነው።

እንግዲያው በጉራው ልጀምር። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋነው የአልጋ ልብስ ድሪቶአችን ዘንድሮ በአውራጃው ትርዒት ላይ ተሰቀለ። ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ አሥራ ሁለቱም ካሬዎች መብራት አርፎባቸው። የአንደኛነቱ ሰማያዊ ሪባን አልተሰጠንም። ቀዩም አልተሰጠንም። ሦስተኛው ነጩ እንኳ የሄደው ጨርቅ ላይ ዶሮ ለጠለፈች የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ ቆሜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ለመንገር መጀመሪያ ያጠፋሁትን ማውጣት አለብኝ። ታውቂዋለሽ። እንደምታውቂም አውቃለሁ። ግን ከአፌ ሰምተሽው አታውቂም።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት መጀመሪያ የመጣሁበት ሐሙስ ትዝ ይልሻል? ያኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ሴቶች ተሰብስበው ይሰፋሉ ሲሉኝ ማስመሪያና እርሳስ ይዤ መጣሁ። ያኔም እንደ ዛሬው አለቃችን የነበረችው ላቨርን የከፋይና የሐር ቁርጥራጭ የሞላ ካርቶን ፊቴ አስቀመጠችልኝ። እኔም እየለካሁ ማስመር ጀመርኩ። አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ ጥቂት ካየሽኝ በኋላ፣

«ምን እየለካሽ ነው የኔ እመቤት?» አልሽኝ።

«ጎኖቹ እኩል እንዲሆኑ ነዋ!»

«እኩል ከፈለግሽ ማክሰኞ ነይ። የማክሰኞዎቹ በማስመሪያ ነው የሚሰፉት። ይሄ እብድ ድሪቶ ነው፤ እዚህ ልክ የሚባል ነገር የለም። በይ ማስመሪያሽን ወደ ቦርሳሽ!»

ማታ ቤት ስገባ ባሌ ኦርቪል «ዕድሜ ልክሽን ስትደምሪ ኖረሽ በመጨረሻ ከእብዶች ማኅበር ገባሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የዚያን ዕለት የላባ ጥልፍ አስተምረሽኝ ነበር። ሁለቱ ጨርቆች የተጋጠሙበትን መስመር ይዘሽ መርፌዋን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስታደርጊያት ከኋላዋ ላባ እየበቀለ ይሄዳል። እንደዚያ የሚሠራ እጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ እኔን የሚፈሩኝን ያህል እኔ አንቺን መፍራት ጀመርኩ።

ሕጉንም ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። በዙር ስንሠራ እያንዳንዳችን ቁርጥራጮቻችንን ገጣጥመን ካሬያችንን እናዘጋጃለን። ካሬው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የደረሳት ሁሉ አንድ መጋጠሚያ መርጣ እንደ ልቧ ትጠልፍበታለች። ዞሮ ሲመለስልሽ የስምንት ሴት እጅ ይኖርበታል። ካሬው ያንቺ ነው፣ ጥልፉ ግን የጠለፈችው ነው። ወደድሽውም ጠላሽውም የሰው ጥልፍ አይተረተርም።

እኔ ተረተርኩ።

አምና ነበር፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ። ለትርዒቱ በምናዘጋጀው ድሪቶ መሃል ላይ የሚገባው ካሬ የኔ እንዲሆን ዕጣ ወጥቶልኝ፣ ኩራቴ ቤት አልበቃው ብሎ ነበር። ከእናቴ የሠርግ ቀሚስ የተረፈውን ሐር ከወይን ጠጅ ከፋይ ጋር ገጥሜ፣ ያንን መጋጠሚያ ማንም እንዳይነካብሽ ብዬ ላንቺ አስቀመጥኩት። ሌሎቹ ካሬውን በሳምንት በሳምንት መለሱት። አንቺ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆየ። ስትሰጪኝ በወረቀት ጠቅልለሽው ነበር። «ቤትሽ ስትደርሺ ነው የምታዪው» አልሽኝ።

በማግስቱ ጠዋት በኩሽናው መስኮት ሥር ፈታሁት። ቢጫው ላባ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አንዱ ቅርንጫፍ ረዥም፣ አንዱ ጉርድ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ጠብቆ ሐሩን አጨማዶታል። እጅሽ መንቀጥቀጥ መጀመሩን አውቅ ነበር። ሲኒሽን በሁለት እጅሽ ስትይዢ አይቻለሁ፤ አይቼም እንዳላየ ሆኛለሁ። ጥልፉን ግን እንዳላየሁ መሆን አልቻልኩም። መተርተሪያዬን አነሳሁ። ሁሉንም ነቅዬ፣ ያንኑ ዓይነት ቢጫ ክር መርፌዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ያስተማርሽኝን ላባ በሃያ ደቂቃ ዘረጋሁት። ኦፓል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ያምር ነበር።

ኦርቪል በዚያ ሲያልፍ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«እያስተካከልኩ ነው።»

«እብዱን? እብድ ከተስተካከለ ምኑን እብድ ሆነ?»

ዝም በል አልኩት። ባሌ በአርባ ዓመት ውስጥ ስለ ስፌት የተናገረው እውነተኛ ነገር ያ ብቻ ነው፤ እሱንም አልሰማሁትም።

ከዚያ ያቺ ሐሙስ መጣች። አሥራ ሁለቱ ካሬዎች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ ላቨርን እንደ ልማዷ ጮኸች።

«እናንተዬ፣ ኑ የኦፓልን ላባ እዩ! እጄ ከዳኝ እያለች ስታታልለን የከረመችው ይሄን ይዛ ነው?»

«እኔስ መርፌዬን ሰቅዬ ሹራብ ልጀምር» አለች ፊሊስ።

መነጽርሽን አጠለቅሽ። አውራ ጣትሽን በቢጫው ክር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለሽ አስኬድሽው። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።

«ቤርኒስን በደንብ ነው ያስተማርኳት» አልሽ።

ሁሉም ሳቁ። ስለ ሌላ ጥልፌ ያመሰገንሽኝ መሰላቸው። የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። ላባው ያንቺ እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነም፣ በጣትሽ አውቀሽው ነበር። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተነስቼ፣ የታጠበ ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣሽም። በወሩ ልጅሽ ጁዲ መጥታ ዱሉት ከተማ ወዳለው ቤቷ ወሰደችሽ። ለሌሎቹ «እጄ እምቢ አለኝ» ብለሽ ተሰናበትሻቸው፤ ሁሉም አመኑሽ። ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ዘግቻለሁ። እኔ ነበርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት የኔን ዓይነቱን ሳይሸከሙ ነው።

ዘንድሮ ትርዒቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላቨርን ከድሪቶው አጠገብ የሚሰቀለውን ካርድ ጽፋ አመጣች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችልን፦ «የመሃሉ የላባ ጥልፍ በኦፓል እጅ የተሠራ ነው፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ።» አጨበጨቡ። እኔም ላጨበጭብ እጄን አንስቼ ነበር፤ አልገጥም አለኝ።

«የኔ ነው» አልኳቸው። «የሷን ተርትሬ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ላቨርን መነጽሯን አወለቀች። «ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት።

«ቤርኒስ! የሰው ጥልፍ?» አለች ፊሊስ። «የሰው ባል ብትወስጂ አይሻልም ነበር?»

«ባልማ ይመለሳል» አለች ላቨርን። አልሳቀችም። ወደ ሳጥኗ ሄዳ መተርተሪያ አመጣችና ከፊቴ ጣለችው። «በይ ተርትሪ። እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ።»

ተረተርኩ። እያንዳንዷ ክር ስትወጣ ስድስት ሴት ያየኛል። ሲያልቅ ላቨርን ካሬውን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሐር መርፌ ከነካው አይረሳም፤ ቀዳዳዎችሽ ሁሉ እዚያው ነበሩ። የኔ ቀዳዳዎች አንድ አንድ ሆነው በሰልፍ ሄደዋል። ያንቺ ግን በአንዱ ስፌት ቦታ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዱ ጋ ስድስት። እጅሽ ሲስት እያወጣሽ፣ እንደገና እየወጋሽ፣ እንደገና እያወጣሽ። እያንዳንዷን ቅርንጫፍ እንደዚያ ነው ያስቀመጥሻት። ለካ ሦስት ሳምንት የፈጀው ለዚህ ነበር። የሚንገዳገድ ብዬ የናቅኩት ላባ ያ ሁሉ ተሞክሮ፣ ያ ሁሉ ተነቅሎ፣ በመጨረሻ የቀረው የተሻለው ነበር። እኔ ለሃያ ደቂቃ ሥራዬ ስመሰገን፣ አንቺ ያንን ሁሉ ውጠሽ ዝም አልሽ።

አለቀስኩ። ላቨርን አላባበለችኝም፤ ትክክል ናት።

ፊሊስ ቀስ ብላ «ቀዳዳዎቹን ተከትለን ብንሰፋውስ? ያው የሷን ይመስላል» አለች።

«ይመስላል! የመሰለውማ ይኸው ዓመት ሙሉ ተዘርግቶ ነበር» አለች ላቨርን። «ባዶውን ይሰቀላል።»

እጅ ስናወጣ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። ጨርቆቹ እንደተገጣጠሙ ናቸው፣ ድሪቶው አይፈርስም፤ መሃሉ ላይ ብቻ አንድ ጥልፍ የሌለው መስመር አለ። ላቨርን አሮጌውን ካርድ ቀዳ አዲስ ጻፈች፦ «ይህ መጋጠሚያ የኦፓል ነው። እሷን ይጠብቃል።»

ዳኛዋ ከከተማ የመጣች፣ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። ዘጠና ስድስት መጋጠሚያ አንድ በአንድ አየች። ሁለቴ «ውይ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ፊሊስ ግን ሦስቴ ነው ትላለች። መሃሉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ እኮ አላለቀም።»

«እናውቃለን» አለች ላቨርን።

«ያሳዝናል። ይህን ለመሙላት ሁለት ሰዓት አይፈጅባችሁም ነበር።»

«ለኛ አይፈጅም። ለመጋጠሚያው ባለቤት ግን ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል። እንጠብቃታለን።»

ዳኛዋ ላቨርንን አየቻት፣ ካርዱን አየችው፣ ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ያላለቀ ሥራ አይሸለምም፤ ደንብ ነው፣ አልተቀየምናትም። ስድስት ዓመት የጓጓንለት ሪባን ዓይናችን እያየ ወደ ማክሰኞዎቹ ሄደ። የማክሰኞዎቹ፣ ኦፓል! ያውም በማስመሪያ! አንዳችንም ግን አንገታችንን አልደፋንም።

አራት ቀን ሙሉ ከድሪቶው አጠገብ ቆምኩ። ሰው ሁሉ የሚያምሩትን ጥልፎች አልፎ ባዶዋ መስመር ጋ ይቆማል። «ኦፓል ማን ናት?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ቀን ስመልስ ፊቴ ይቀላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠያቂ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ መንገደኛውን እጁን ይዤ እያስቆምኩ ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንደሠራሽ፣ እኔም ምን እንዳደረግኩብሽ አፌን ሞልቼ ነገርኩት። ሐሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አሳየሁ። አንዲት እጇ የታሰረ ሴትዮ ጎንበስ ብላ ለረዥም ጊዜ አየቻቸውና ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች። ያን ዕለት ያንቺ ጓደኛ በመሆኔ ከአውራጃው ሰው ሁሉ በላይ ኮራሁ።

ለምን እንዳደረግኩት ራሴን ጠይቄያለሁ። ለካሬዬ ውበት ነው ብዬ ነበር፤ ከፊሉ እውነት ነው፣ ጉረኛ ነኝ። የቀረው ግን ፍርሃት ነው። ያ ጥልፍ እጅሽ እንደደከመ፣ አንድ ቀንም ከጎኔ እንደማትቀመጪ ነገረኝ። ያንን ማየት ስላልቻልኩ ነቀልኩት። ሸፈንኩልሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ምንም የሚሸፈን ነገር አልነበረሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ኦፓል። ስህተት አይደለም የሠራሁት፣ በደል ነው።

ባለፈው እሑድ ጁዲ ጋ ደወልኩ፤ ይህን ጊዜ አልዘጋሁም። የስፌት ሳጥንሽ ዱሉት ከገባሽ ጀምሮ እንዳልተከፈተ ነገረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደ እሱ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር የለም። መርፌ ያስያዘችኝን ሴት መርፌ አስጣልኳት።

ስለዚህ የሚመጣው ቅዳሜ እንመጣለን። ሰባታችንም፣ በላቨርን መኪና፣ ድሪቶውን ይዘን። ፊሊስ የቼሪ ፓይ እጋግራለሁ ብላለች፤ እንደምንም ዋጪው። እኔን ማየት ካልፈለግሽ ንገሪያቸው፣ መኪናው ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አይከፋኝም። እነሱን ግን አስገቢያቸው። እጅሽ ከፈቀደ ጥለፊበት፤ ይንገዳገድ፣ ይጨማደድ፣ ሦስት ሳምንት ይፍጅ ሦስት ዓመት። ካልፈቀደ ደግሞ አንድ ወግተሽ አንድ አውጪ፣ እሱም ካልሆነ ባዶውን እንደ ሆነ ይኑር። ያ ድሪቶ አለቀ የሚባለው አንቺ አለቀ ስትዪ ብቻ ነው። እኛ ሁላችን በዚህ ተስማምተናል፤ ከሁሉም አብልጬ የተስማማሁት እኔ ነኝ፣

ጥልፍሽን የተረተርኩት፣
ቤርኒስ