ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀቡት ሄልሜቶች

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም፤ የምጠረጥረውን ነገር እስካረጋግጥ ብዬ ነው። አንተም ሳታጣሪ ሰው አትክሰሺ ትለኝ ነበር። እነሆ አጣራሁ፤ ጉዱን ስማኝ።

ቤታችን ያው ሲቀላ ሰፈር ነው። ማንጎው ዘንድሮ አብዝቶ አፈራ፤ የበረንዳው ቆርቆሮም ተቀየረ። ያንተ ሄልሜቶች ግን ካስቀመጥክበት አልተነሱም። መኪናውን የቀባህለት ፈረንጅ ካርቶን ሙሉ ሲሰጥህ እማዬ የልጅ መጫወቻ መስሏት ስትስቅብህ ትዝ ይልሃል? ሬዚን ከሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ሎሚ የሚያህሉ፣ ገና ባልመጣ ዘመን ጠፈር ላይ ይዋጋሉ የተባሉ ወታደሮች የሚያጠልቋቸው አሥራ ሁለት ሄልሜቶች። ለትልቁ ላንድክሩዘር ያልተጠበብከውን ለእነሱ ተጠበብክ። በሳሙና አጥበህ፣ ቀዳዳቸውን በስቱኮ ደፍነህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ፣ ከጋራዥ በተረፈ ቀለም ስስ ስስ እያደረግክ ደራርበህ ትቀባቸዋለህ። ከዚያ አቧራ እንዳያርፍባቸው ሳፋ ትደፋባቸውና ማንም እንዳያነሳው ታስጠነቅቃለህ። እኔን ብቻ፣ ያውም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንዳይ ትፈቅድልኝ ነበር። አምስቱን ጨርሰህ ሄድክ።

ሙት ዓመትህ በወጣ በሳምንቱ ጋሽ ታደሰ መጣ። አብሮህ ጋራዥ ይሠራ የነበረው፣ ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዓመት የሆነው። የቀሩትን ሰባቱን እኔ ልጨርስለት ብሎ እማዬን ጠየቃት። እሷም ሳታቅማማ እሺ አለች። የጠረጠርኩት ያኔውኑ ነው። በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን እንኳ አንዷን ሄልሜት ይዞልህ አላየሁትማ።

የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እኔ የመዘምራን ልምምድ አለብኝ። አጋጣሚ ነው እንዳትለኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ከቸርች ስመለስ ሳፋውን አነሳና የያዛትን ሄልሜት የፊት መስታወት በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ቀለሙ ከተጣበቀብኝ ሠርቷል ማለት ነው፤ ከደረቀ ደግሞ ከእማዬ ጋር ሲያወራ ነው የዋለው። በረንዳው በዚያ ሰዓት ጨለምለም ስለሚል በጣቴ እንጂ በዓይኔ አላጣራም። ሁልጊዜም ይጣበቃል። ግን አባዬ፣ በማግስቱ ወለሉ ላይ ከማየው የቀለም ፍቅፋቂ እንደተረዳሁት፣ በሳምንቱ ሲመጣ ያችኑ ሄልሜት ፍቆ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ወር ሙሉ ከአንዷ አላለፈም። እማዬም ቅዳሜ ሲሆን ፀጉሯን መሠራት ጀመረች።

እያበላሸ ሥራውን እንደሚያራዝም ገባኝ። ለእማዬ ብነግራት ቡናዋን መቁላቷን ቀጠለች፤ ይኼ ይበልጥ አሳበደኝ። ገረሴ ላለችው እህትህ፣ ለአክስቴ አልማዝ፣ ላክሁባት። ከደጋ የሚወርድ መኪና ተሳፍራ ቅዳሜ ከተፍ አለች። እኔም ልምምዱን ቀርቼ፣ እማዬና አክስቴ ባሉበት፣ ሥራውን እያበላሸ ለምን እንደሚደጋግም ጠየቅሁት።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጣም። ሄልሜቷን ወደ ፀሐይ ዘወር አድርጎ አሳየን። መስታወቷ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለካ በየሳምንቱ የሚፍቀው እሱን ኖሯል። መጀመሪያ የራሱ ጣት፣ ጥፋቱም ቶሎ የማይደርቀው ቀለም መስሎት ማቅጠኛውን ቲነር ቀየረ፤ ከወላይታ ሶዶም ሌላ ቀለም አስመጣ። በኋላ የአሻራውን ትንሽነት ሲያይ የእኔ መሆኑ ገባው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አክስቴ አልማዝ ግን የዋዛ አይደለችም፤ ካወቅህ ታዲያ ሳትናገር ለምን ትፍቃለህ ብላ አፋጠጠችው። አንገቱን ደፋና፣

«ሥራው ካለቀ በምን ሰበብ እመጣለሁ ብዬ ነው» አለ።

እማዬ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር አባዬ፤ ልክ በመሆኑ ግን ምንም ደስ አላለኝም። ያን ሁሉ ቅዳሜ የሚመጣበትን ሰበብ በገዛ ጣቴ ስሰጠው የኖርኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ታደሰ ሽማግሌ ላከ። እማዬ ልጄ ካልፈቀደች አይሆንም ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የእኔን አፍ ሲጠብቅ ሰነበተ። አሁንም ጨርሼ አላመንኩትም። ቤታችን ገብቶ ያንተ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ በራሱ ቀለም ይሸፍነዋል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ አምስቱን ያንተን ሄልሜቶች የልብስ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። የእማዬን ሳቅ ግን ልቆልፍበት አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት እሺ አልኳት። እያለቀስኩ ነው ያልኳት፣ አልዋሽህም።

አንተን መርሳት የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ጋሽ ታደሰ እዚህ ቤት ይገባል፣ ከእኛ ጋር ገበታ ይቀርባል፣ እኔም አክብሬ ጋሽ ታደሰ እለዋለሁ። አባዬ የምለው ግን አንተን ብቻ ነው።

ልጅህ ትዕግስት