ፎቶዬ ጠራሽ እንጂ እኔ አልጠራሁሽም

ውዷ ታናሼ፣

እንዴት ነሽልኝ? ያ ደረትሽን የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጣለች? አባዬ ከሬድዮው ጋር መጨቃጨቁን ተወ ወይስ እንደ ድሮው ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት ስለሰለቸኝ ተውኩት።

ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኛ ቤት ስልክ ከተነሳ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ሳይቀር አስተያየት ይሰጣል። ይህ ነገር ግን ያንቺና የእኔ ብቻ ነው። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ውስጥ ከአንሶላ ማጠፊያው ወደ ቢሮ መዛወሬን ነግሬሽ ነበር። ያዛወሩኝ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናቸው። ኮምፒውተር መቻሌን ሰምተው አስጠሩኝና፣ ሠራተኛ ይመጣል እንጂ አይቆይልንም፣ እስቲ ሥራ ፈላጊ የሚስብ ድረ ገጽ ሥሪልን አሉኝ። «ልጄ» ነው የሚሉኝ። በዚያች ቃል ብቻ ስንት ቀን ምሳ ሳልበላ እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሦስት ወር ለፋሁበት። ጉራ አይምሰልሽ እንጂ ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። እኛ ጋ የሚያመለክት ሰው ኮምፒውተር የለውም፤ ስለዚህ ገጹ በአሮጌ ስልክም ቶሎ እንዲከፈት ጌጣጌጡን ሁሉ አወጣሁት። አራት ገጽ የነበረውን ማመልከቻ ወደ አምስት ጥያቄ አወረድኩት። ፈረቃው በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት እንደሚወጣ ከላይ ጻፍኩ። የመጨረሻዋ «እዚህ መሥራት ለምን ፈለጉ?» የምትለዋ ጥያቄ የእኔ ናት። ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው ይናገሩ አልኩ። ሰው የሚሸሸው ሳይነገረው ገብቶ ክብደቱን ሲያየው ነው፤ አውቆ የገባ ይቆያል። ኃላፊዋም እውነትሽን ነው ልጄ ብለው አጸደቁት።

ካውያ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ለማንም የማይናገሩትን ለእኔ ነገሩኝ። እንፋሎቱ ያቃጥላል፣ ወገብ ይጨርሳል፣ ግን ጓደኞቼ ስታመም ይሸፍኑልኛል አሉ። ቃል በቃል ጽፌ አነበብኩላቸው፤ ደስ አላቸው። የእኔም ቃል ከፎቶዬ ጋር ገጹ ላይ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበር፦ የመጀመሪያው ወር ያስለቅሳል፣ እኔም አልቅሻለሁ የሚል።

ገጹ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ላይ እትዬን ሰላም ስላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቢሮ ገብቼ ገጹን ብከፍት፣ ከእሳቸው ፎቶ አጠገብ ሥራው እንደ ጨዋታ ነው፣ ድካም የሚባል አላውቅም ይላል። ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ አስረው የሚውሉ ሴትዮ! ከእኔ ፎቶ ሥር ደግሞ «እዚህ እንደ ቤቴ ነኝ። እህቶቼ፣ ኑ» ተብሎ ተጽፏል።

ማን ለወጠው ብዬ ኃላፊዋን ጠየቅኳቸው። እኔ ነኝ አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ልጄ፣ እንግዳ ሲጠራ ጣሪያው እንደሚያፈስ ይነገረዋል እንዴ?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁሉ ያንገበገበኝ እትዬ ፊት ከዳተኛዋ እኔ መሆኔ ነው። እንዲያም ሆኖ ኃላፊዋን አንቱ ማለቱን አልተውኩም፤ አፌ ለምዶ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼም ገጹን እንደተለወጠ ተውኩት፤ ይህን አልደብቅሽም።

ማመልከቻዎቹ መጀመሪያ የሚደርሱት ለእኔ ነው፤ አርብ አርብ ለኃላፊዋ አሳልፋለሁ። ሰኞ ስከፍታቸው ያንቺን አገኘሁ። ድንገት ልታስደስቺኝ ፈልገሽ ኖሯል፣ አንቺ ጉደኛ። አራቱን ጥያቄ በወግ በወጉ መልሰሻል፤ የክሊኒኩን መዝገብ ቤት ሥራ በወሩ መጨረሻ እንደምትለቂ ሳይቀር። አምስተኛው ላይ ግን «እህቴ ኑ ብላ ጠርታለች። እሷ ዋሽታኝ አታውቅም» ይላል።

እኔ አልጠራሁሽም፣ እህቴ። ፎቶው ላይ የምስቀው እንኳ በሥራው ደስ ብሎኝ አይደለም። አባዬ የተለያየ ጫማ ግራና ቀኝ አድርጎ ሰርግ መዋሉን አንቺ በስልክ ስትነግሪኝ፣ ኃላፊዋ በር ላይ ቆመው አነሱኝ። ላንቺ የሳቅኩትን ሳቅ ማጥመጃ አደረጉት።

ዛሬ ጠዋት የእትዬን ቃል እንደነበረ መለስኩት፤ የእኔን ፎቶ ከነጽሑፉ አጠፋሁት። ካውያ ክፍል ወርጄ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ኃላፊዋ እስከ አርብ ማየታቸው አይቀርም። ወደ ማጠፊያው ይመልሱኝ እንደሆን ወይም ከበር ያስወጡኝ እንደሆን አላውቅም።

ማመልከቻሽን አላሳለፍኩትም፣ አልሰረዝኩትምም። ሳልጠይቅሽ ባንቺ ፋንታ ከተናገርኩ እኔስ ከእሳቸው በምን እሻላለሁ? ምክሬን ከፈለግሽ ግን ክሊኒኩን አትልቀቂ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ሥራዬ ደህና ናት በያት። አባዬን ጫማውን አይቶ ይውጣ በይልኝ። ታላቅ ወንድማችንን ከነባለቤቱ፣ አክስቴንም ከነሐሜቷ ሰላም በይልኝ።

አንቺ ደግሞ አምስተኛዋን ጥያቄ እንደገና መልሺልኝ። አሁን ፎቶው የለም።

እስካሁን ያልዋሸችሽ ታላቅ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ማዶ፣ ከተከራየኋት ክፍል
ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን